የቪዛው ዕድሜና የእንግዳው ቆይታ፦ ቤተሰብ ጠያቂዎች በብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ምን ያህል ሊቆዩ ይችላሉ?



የዛሬው ርእሴ በሕግ ትምህርት መጻሕፍት ውስጥ ሰፊ ቦታ የተሰጠው አይደለም፤ በየቤቱ ሳሎን ግን ዘወትር ይነሣል። ልጅ በባሕር ማዶ ትወልዳለች። እናት አራስ ልትጠይቅ፣ ገንፎ ልታገነፋ፣ የልጅ ልጇን ልታቅፍ ቪዛ ትጠይቃለች። ቪዛው ሲመጣ የሚያበቃበት ቀን ሁለት ዓመት ይሻገራል፤ በመግቢያ ብዛት ሥፍራም «ብዙ» የሚል ምልክት ሠፍሮበታል። ዘመድ ወዳጅ ሁሉ «ሁለት ዓመት ሰጧት» እያለ ደስታውን ይገልጻል። በዚህ አጭር ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ጉዳዮች ተደባልቀዋል፤ እኔም ዛሬ የምሞክረው እነርሱን ለያይቶ ማሳየት ነው።

አንደኛው ቪዛው ጸንቶ የሚቆይበት ጊዜ ነው። ይህ መንገደኛው በየትኞቹ ቀናት መካከል በድንበር ቀርቦ «ልግባ» ማለት እንደሚችል ይወስናል። ሁለተኛው በዚያ ጊዜ ውስጥ ስንት ጊዜ መግባት እንደሚቻል ነው። ሦስተኛው፣ ከገቡ በኋላ ስንት ቀን መቆየት እንደሚቻል ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በወረቀቱ ላይ በግልጽ ይነበባሉ። ሦስተኛው ግን አንዳንድ አገሮች በቪዛው ላይ ጨርሶ አይጽፉትም፤ ሌሎች ቢጽፉትም በራሱ የማይብራራ ቁጥር አድርገው ነው። ቤተሰብ የሚሳሳተውም በዚህ በሦስተኛው ላይ ነው። «የቤተሰብ ቪዛ» የምንለውም ቢሆን በአሜሪካም ሆነ በአውሮፓ አብዛኛውን ጊዜ ተራ የጎብኚ ቪዛ መሆኑን አስቀድሜ ልጠቁም። ዓላማው ቤተሰብ መጠየቅ ስለሆነ ብቻ የቆይታው ልክ አይሰፋም።

ከአሜሪካ ልጀምር። በዚያ አገር ቪዛ የሚሰጠው የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ በኤምባሲው በኩል ነው። የቆይታን ጊዜ የሚወስነው ግን ሌላ መሥሪያ ቤት፣ የአገር ውስጥ ደኅንነት መሥሪያ ቤቱ ነው፤ የሚወስነውም በአውሮፕላን ማረፊያው በተቀመጠው የድንበር መኮንን እጅ ነው። መኮንኑ የሚሰጠው የመውጫ ቀን አይ-94 በሚባለው መዝገብ ላይ ይሠፍራል። ይህ መዝገብ ቀድሞ በፓስፖርት ውስጥ የሚሰካ ነጭ ካርድ ነበር፤ ከ2013 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በአየርና በባሕር ለሚመጡ መንገደኞች ኤሌክትሮኒክ ሆኗል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ካርዱ ከፓስፖርቱ ከወጣ ወዲህ ብዙ እናቶች የመውጫ ቀናቸውን የሚናገረውን ሰነድ በዓይናቸው ሳያዩ ይመለሳሉ። ልጆቻቸው ከመንግሥት ድረ ገጽ አውጥተው ሊያትሙላቸው ይገባል፤ ቪዛው ላይ ያለው ቀን ለዚህ አያገለግልም።

መኮንኑ የሚሰጠው ጊዜ ምን ያህል ነው? ደንቡ ቢ-2 የሚባለውን የጎብኚ ቪዛ ይዞ የመጣና መግባት የተፈቀደለት ሰው በመሠረቱ ከ6 ወር የማያንስ ጊዜ እንዲሰጠው ያዛል። የሚያስገርመው ነገር መንገደኛው «የምቆየው ሦስት ሳምንት ነው» ቢልም እንኳ 6 ወሩ እንደሚሰጠው ደንቡ ራሱ መናገሩ ነው። ከፍተኛው ጣሪያ ደግሞ አንድ ዓመት ነው። ፓስፖርቱ ቀድሞ የሚያበቃ ከሆነ ወይም ልዩ ምክንያት ካለ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። በ2002፣ ከመስከረም አንዱ ጥቃት በኋላ፣ ይህን የ6 ወር ዝቅተኛ ልክ ለማስቀረትና የጉብኝቱ ዓላማ የሚጠይቀውን ጊዜ ብቻ ለመስጠት ሐሳብ ቀርቦ ነበር፤ ደንብ ሳይሆን ቀረ። ዛሬ በየቤቱ «አሜሪካ ስድስት ወር ይሰጣል» የሚባለው እንግዲህ ከልማድ ብቻ የመጣ አይደለም፤ የተጻፈ መሠረት አለው።

ሁለቱ ሰዓቶች ተለያይተው እንደሚሄዱ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው በጁላይ 2025 የሆነው ነው። የአሜሪካ መንግሥት በዚያ ወር ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠውን የጎብኚ ቪዛ በአንድ መግቢያና በሦስት ወር ወሰነው፤ ከዚያ በፊት የተሰጡት ግን እንደ ጸኑ ቀሩ። ብዙ ሰው ይህን የሰማው «ከእንግዲህ ቆይታው ሦስት ወር ነው» በሚል ነው። ነገሩ እንደዚያ አይደለም። እስከ ኦክቶበር 31 የሚጸና የሦስት ወር ቪዛ የያዘች እናት በኦክቶበር 20 ብትደርስ፣ መኮንኑ እስከ ኤፕሪል 19 ሊፈቅድላት ይችላል። ቪዛው በ11 ቀን ውስጥ ያበቃል፤ እርሷ ግን ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት ሁሉ በሕጋዊ መንገድ ትቀመጣለች። ያጣችው ወጥቶ መመለስን ነው። በአንጻሩ የሁለት ዓመት ቪዛ ይዛ የገባችው እናት ስድስት ወሯ ሲያልቅ፣ ቪዛዋ ገና አንድ ዓመት ተኩል ቢቀረውም መውጣት ግዴታዋ ነው።

ባትወጣስ? የኢሚግሬሽንና ዜግነት ሕጉ አንቀጽ 222(ጂ) ከተፈቀደለት ቀን በላይ የቆየ ሰው የገባበት ቪዛ በራሱ ውድቅ እንደሚሆን ይደነግጋል። አንድ ቀንም ቢሆን ያው ነው። የፈረሰው ቪዛ ከላይ ሲታይ ደኅና ይመስላል፤ ቀኑ አላለፈም፣ ማኅተም አልተመታበትም። ባለቤቷ የምታውቀው በሚቀጥለው ጉዞዋ፣ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ሊሆን ይችላል። በ1996 የወጣው ሕግ ደግሞ ሌላ ደረጃ ጨምሮበታል፦ ከ180 ቀን በላይ ያለ ፈቃድ ቆይቶ የወጣ ሰው ለ3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ደግሞ ለ10 ዓመት እንዳይገባ ይከለከላል። በሰባ ዓመት ዕድሜ ለሚገኝ ሰው ዐሥር ዓመት ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ መንገር አያሻኝም።

ጊዜው ሳያልቅ ማራዘሚያ መጠየቅ ይቻላል፤ ቅጹ አይ-539 ይባላል፣ በአንድ ጥያቄ እስከ 6 ወር ሊፈቀድ ይችላል። መሥሪያ ቤቱ ቢያንስ 45 ቀን አስቀድሞ ማመልከትን ይመክራል። ማመልከቻው በወቅቱ ከገባ፣ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ የመቀጫው ቀን አይቆጠርም። ይሁን እንጂ ማመልከት ማለት መፈቀድ ማለት አይደለም። ጥያቄው ውድቅ ከሆነና የመጀመሪያው ቀን ካለፈ በኋላ ከሆነ ቪዛው ያው በአንቀጽ 222(ጂ) ይወድቃል። ስለዚህ በቂ ምክንያት ለሌለው ሰው ማራዘሚያን እንደ መደበኛ ነገር መምከር ተገቢ አይመስለኝም።

አሁን ደግሞ «ደጋግሞ መግባት» የሚለውን እንመልከት። በአሜሪካ ሕግ አንድ ጎብኚ በዓመት ከ180 ቀን በላይ አይቆይም የሚል ቁጥር የለም። «የቆየኸውን ያህል ውጭ ቆይተህ ተመለስ» የሚል አንቀጽም የለም፤ ይህ በማኅበረሰባችን ውስጥ እንደ ሕግ የሚነገር ምክር ነው። ምክሩ ግን ከንቱ አይደለም። ስድስት ወር ቆይታ፣ ሦስት ሳምንት አዲስ አበባ ሰንብታ የምትመለስ እናት በመኮንኑ ፊት ጎብኚ ሳትሆን ነዋሪ ትመስላለች፤ እርሱም ጊዜዋን ሊያሳጥር ወይም ሊመልሳት ሥልጣን አለው። ብሪታንያም ከዚህ የሚቀራረብ መንገድ ትከተላለች። ቪዛው 2፣ 5 ወይም 10 ዓመት ቢጸናም በአንድ ጉብኝት የሚፈቀደው በመሠረቱ 6 ወር ነው፤ ደንቡም በተደጋጋሚ ጉብኝት አገሩን መኖሪያ ማድረግን ይከለክላል እንጂ ዓመታዊ የቀን ጣሪያ አያስቀምጥም። ቁጥሩ በሌለበት ቦታ የሰው ግምት ይገባል።

የአውሮፓው የሼንገን ክልል የሄደበት መንገድ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዛሬ 29 አገሮችን ያቀፈው ይህ ክልል የመኮንኑን ግምት በሒሳብ ተካው፦ በማናቸውም 180 ቀን ውስጥ ከ90 ቀን አይበልጥም። ቪዛው ስንት ዓመት ቢጸና፣ መግቢያው ስንት ጊዜ ቢሆን ይህ ልክ አይለወጥም፤ በወረቀቱ ላይ ከ90 ያነሰ የቀን ቁጥር ከተጻፈ ደግሞ የሚሠራው ያነሰው ነው። የመግቢያው ቀንና የመውጫው ቀን ሁለቱም ይቆጠራሉ። በፍራንክፈርት፣ በሮም ወይም በስቶክሆልም ያለፈው ቀን ሁሉ ወደ አንድ ቋት ይገባል። ለንደን ሄዶ መመለስ ቀን ከመቁጠር ለጥቂት ጊዜ ያሳርፋል እንጂ ያለፈውን ቁጥር አይሰርዝም።

«በማናቸውም 180 ቀን» የሚለው ሐረግ አጭር ታሪክ አለው፤ ለሕግ ተማሪ ጠቃሚ ስለሆነ ጥቂት ልቆይበት። የቀድሞው ደንብ «ከመጀመሪያው መግቢያ ቀን ጀምሮ በስድስት ወር ውስጥ ሦስት ወር» የሚል ነበር። «የመጀመሪያው መግቢያ» የትኛው ነው? ጥያቄው ከፈረንሳይ ፍርድ ቤት ወደ አውሮፓ የፍትሕ ፍርድ ቤት ሄደና በ2006 የቦት ጉዳይ ተብሎ በሚታወቀው ውሳኔ መልስ አገኘ። ጉዳዩ ቪዛ የማያስፈልጋቸውን መንገደኞች የሚመለከት ቢሆንም የአቆጣጠሩ ችግር የጋራ ነበር። ፍርድ ቤቱ እያንዳንዱ ስድስት ወር ሲያበቃ ቀጥሎ የሚመጣው መግቢያ አዲስ «መጀመሪያ» ይሆናል አለ። በዚህ ንባብ አንድ ሰው የመጀመሪያውን ስድስት ወር መጨረሻ ከሁለተኛው ስድስት ወር መጀመሪያ ጋር አጋጥሞ ለስድስት ወር ያህል ሊቆይ ይችል ነበር። ክፍተቱን መዝጋት የሕግ አውጪው ሥራ መሆኑን ፍርድ ቤቱ አመለከተ፤ ሕግ አውጪውም ከኦክቶበር 18 ቀን 2013 ጀምሮ ዘጋው። ወደ ፊት የሚቆጠረው ስድስት ወር ቀርቶ፣ በእያንዳንዱ የቆይታ ቀን ላይ ቆሞ ወደ ኋላ 180 ቀን መመልከት ደንብ ሆነ።

በምሳሌ እንየው። አንዲት እናት በጃንዋሪ 1 ቀን ገባች እንበል፤ ዓመቱ ፌብሩዋሪ 28 ቀን ብቻ ያለው ይሁን። 90ኛው ቀን ማርች 31 ነው፤ በዚያ ቀን መውጣት አለባት። ከዚያ በኋላ በኤፕሪልም በሜይም ብትመጣ ያላት ቀን ዜሮ ነው፤ በእጇ ያለው ቪዛ ለአምስት ዓመት የጸና ቢሆንም። በጁን 30 ግን ወደ ኋላ የሚታየው 180 ቀን የጃንዋሪ 1ን ቀን ከውስጡ ያወጣል። በዚያ ቀን ገብታ በየዕለቱ አንድ አሮጌ ቀን እየወጣላት፣ አንድ አዲስ ቀን እየጨመረች እስከ ሴፕቴምበር 27 ሌላ 90 ቀን ትቆያለች።

ሁለተኛው ምሳሌ የበለጠ ያስተምራል። ሌላዋ እናት ከጃንዋሪ 1 እስከ 20 ለክርስትና መጥታ 20 ቀን ተጠቀመች፤ በሜይ 1 ተመለሰች። ቤተሰቡ 90 ሲቀነስ 20 ብሎ 70 ቀን ቀራት አለ፤ በዚህ ስሌት የመውጫዋ ቀን ጁላይ 9 ነው። ነገር ግን ከጁን 30 ጀምሮ የጃንዋሪ ቀናት አንድ በአንድ ከቁጥሩ ይወጣሉ፤ ሃያዎቹም ተራ በተራ ሲወጡላት ከሜይ 1 ጀምሮ ሙሉውን 90 ቀን፣ ማለትም እስከ ጁላይ 29 መቆየት ትችላለች። የተሳሳተው ሒሳብ በዚህ ጊዜ የጎዳው ቤተሰቡን ራሱን ነው፤ ሃያ ቀን ከልጅ ልጇ ነጠቃት።

እዚህ ላይ በእኛ ዘንድ ብቻ የሚያጋጥም ነገር አለ። ወላጆቻችን ቀን የሚቆጥሩት በራሳችን የዘመን አቆጣጠር ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ ሦስት ወር ልክ 90 ቀን ይሆናል፤ መስከረም 1 የገባ ሰው ኅዳር 30 ቢወጣ ከደንቡ ጋር በትክክል ይገጥማል። በአውሮፓውያን ወር የሚቆጥር ሰው ግን ሜይ፣ ጁንና ጁላይን ደምሮ 92 ቀን ስለሚያገኝ በሁለት ቀን ያልፋል። እስከዚህ ድረስ የእኛው ይሻላል። ችግሩ ጳጉሜን ስትመጣ ነው። በሐምሌ 1 የገባች እናት ሐምሌን፣ ነሐሴንና መስከረምን ቆጥራ «ሦስት ወሬ ሞላ» ብትል 95 ቀን ቆይታለች፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 96። «የዛሬ ሦስት ወር» እያሉ መቁጠርም ያሳስታል፤ ጥቅምት 10 ገብቶ ጥር 10 መውጣት ሁለቱ ጫፎች ስለሚቆጠሩ 91 ቀን ነው። በአሜሪካም ይኸው ያጋጥማል። ሰኔ 1፣ ማለትም ጁን 8 ገብታ እስከ ዲሴምበር 7 የተፈቀደላት እናት ስድስቱን ወር በእኛ አቆጣጠር እስከ ኅዳር 30 ብትወስደው በአብዛኞቹ ዓመታት ሁለት ቀን ታሳልፋለች። ስለ አንቀጽ 222(ጂ) የተናገርሁትን አስታውሱ፤ አንዱም ቀን ይበቃል።

በአውሮፓ ማራዘሚያ የሚሰጠው በጠባብ ምክንያት ነው፦ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር፣ ሰብአዊ ምክንያት ወይም ከባድ የግል ጉዳይ። አልጋ ላይ የጣለ ሕመም ያስኬዳል፤ «አራሷ ገና አልጠነከረችም» የሚለው ብዙ ጊዜ አያስኬድም። ከኦክቶበር 12 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ የጣት አሻራንና የፊትን ምስል የሚመዘግበው የመግቢያና መውጫ ሥርዓት በደረጃ ሥራ ላይ መዋል ጀምሯል። ከዚያ በፊት መኮንኑ ማኅተም እያገላበጠ በእጁ ይቆጥር ነበር፤ የደበዘዘ ማኅተም አንዳንድ ጊዜ ሰው ያድናል፣ አንዳንድ ጊዜም ንጹሑን ያስጠረጥራል። ኮምፒዩተሩ ለሁለቱም አይመችም።

ሌላም የሚመለከተን ጉዳይ አለ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2020 ጀምሮ ቪዛውን በአግባቡ ለተጠቀመ ሰው በየደረጃው የ1፣ የ2፣ ከዚያም የ5 ዓመት የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ የሚሰጥበት ሥርዓት አለው። በኤፕሪል 2024 ግን የኅብረቱ ምክር ቤት፣ ኢትዮጵያ ያለ ፈቃድ የሚኖሩ ዜጎቿን በመቀበል ረገድ በበቂ አልተባበረችም በሚል፣ ለኢትዮጵያውያን የብዙ ጊዜ መግቢያ ቪዛ እንዳይሰጥ፣ የማመልከቻውም መመርመሪያ ጊዜ ከ15 ወደ 45 ቀን እንዲሆን ወሰነ። ከዜግነቱ አገር ውጭ በሌላ የኅብረቱ አገር የሚኖር አውሮፓዊ ዜጋ የቅርብ ቤተሰብ የሆኑት፣ በነጻ የመዘዋወር ሕግ ስለሚጠበቁ፣ ውሳኔው አልነካቸውም። በኔ አስተያየት ይህ ዓይነቱ እርምጃ ሸክሙን የሚጥለው በተሳሳተ ትከሻ ላይ ነው። የመንግሥታት ክርክር የሚወቀስበት አካል አንድ ነው፤ በየዓመቱ ተመላልሳ ደንቡን አክብራ የወጣች አያት ደግሞ ሌላ ናት። ውጤቱም ከዓላማው ጋር ይጋጫል፤ ወጥቶ መመለስ እንደሚችል የሚያውቅ ሰው በቀኑ ይወጣል፣ በሩ አንዴ ብቻ እንደሚከፈት የሚያውቅ ግን ለመውጣት ያመነታል።

ለቤተሰብ ብሎ የተለየ ቪዛ ያወጣች አገር ለማየት ካናዳን ልጥቀስ። ተራ ጎብኚ በዚያም ብዙውን ጊዜ 6 ወር ይሰጠዋል። ለዜጎችና ለቋሚ ነዋሪዎች ወላጆችና አያቶች ግን ከ2011 ማብቂያ ጀምሮ «ሱፐር ቪዛ» የሚባል አለ፤ እስከ 10 ዓመት ይጸናል፣ ብዙ ጊዜ ያስገባል። በአንድ መግቢያ የሚፈቀደው መጀመሪያ 2 ዓመት ነበር፤ ከጁላይ 4 ቀን 2022 ጀምሮ 5 ዓመት ሆኗል። ዋጋው ቀላል አይደለም። ጋባዡ ልጅ የተወሰነ የገቢ ልክ ማሟላት፣ ተጋባዡም ቢያንስ 100,000 የካናዳ ዶላር የሚሸፍን የአንድ ዓመት የጤና መድን መያዝና የሕክምና ምርመራ ማለፍ አለባቸው። እንዲህ ያለው ቪዛ ለጎብኚነትና ለነዋሪነት መካከለኛ የሆነ ስም ሰጥቷል፤ አራስ ጥየቃ በሦስት ወር እንደማያልቅ የሕግ አውጪው የተቀበለ ይመስላል።

ለተግባር የሚሆን አንድ ነገር ጨምሬ ለጥያቄ ዕድል እሰጣለሁ። በዚህ አዳራሽ ካላችሁት ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁን ወይም ዘመዶቻችሁን አንድ ቀን በዚህ ጉዳይ ታማክራላችሁ። ዘመዳችሁ በደረሱበት ሌሊት፣ ሻንጣ ሳይፈታ፣ ፓስፖርቱን ተቀብላችሁ የመግቢያውን ማኅተም አንብቡ፤ አሜሪካ ከሆነ አይ-94ን አትሙ፤ አውሮፓ ከሆነ ያለፉትን 180 ቀናት በወረቀት ላይ ቁጠሩ። የመውጫውን ቀን በሁለቱም አቆጣጠር ጽፋችሁ፣ ጳጉሜን ካለችበት አስባችሁ፣ ማቀዝቀዣው በር ላይ ለጥፉት። የመሳፈሪያ ካርዶችንም አትጣሉ፤ መዝገቡ ቢሳሳት፣ በቀኑ መውጣታቸውን ለማስረዳት የሚቀርበው ማስረጃ እርሱ ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን ለመስማት ዝግጁ ነኝ።